ጠይቁን፦ የጁዲ ጋርላንድ ድምፅ፣ ቀይ ጫማና ክኒን

ባለፈው እትም ስለ ድሮዎቹ የሆሊውድ የሙዚቃ ፊልሞች አንድ ገጽ ጽፈን ነበር። ከመጡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንዲት ሴት፣ ስለ ተዋናይትና ዘፋኝ ጁዲ ጋርላንድ፣ ሆነው ስላገኘናቸው የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእሷ ለቀንላታል። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስንጠቅስ «ዓ.ም.» እንላለን።

ጥያቄ፦ «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ»ን ከልጄ ጋር ስናይ ተከራከርን። እኔ ዶሮቲን የምትሠራው የአሥር ወይ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት እላለሁ፤ ልጄ «እማዬ፣ ትልቅ ሴት እኮ ናት» ትለኛለች። ማን ነው ልክ? ልጅቷስ የማን ልጅ ናት? — ከደሴ

መልስ፦ ልጅዎ ትቀርባለች። ቀረጻው በኦክቶበር 1938 ሲጀመር ጁዲ 16 ዓመቷ ነበር። ዶሮቲ፣ ከካንሳስ እርሻ በአውሎ ነፋስ ወደ ኦዝ ተረት አገር የምትወሰደው ልጅ፣ ግን በጣም ልጅ እንድትመስል ስለተፈለገ ደረቷን በጠባብ የውስጥ ልብስ ጥፍንግ አድርገው አሰሩት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ51 ገደማ መሆኑም ሥራውን አቅልሎላቸዋል።

መጀመሪያ ላይማ የባሰ ነበር። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ቶርፕ ሲቀርጻት ብጫ ዊግ አድርጋ፣ እንደ አሻንጉሊት ተኳኩላ ነው። ቶርፕ ተነሣ። ለጥቂት ቀናት የተተካው ጆርጅ ኩከር ለፊልሙ የሚሆን አንድም ትዕይንት አልቀረጸም፤ ዊጉን አስወልቆ፣ ኩሉን አስጠርጎ፣ «ራስሽን ሁኚ» ብሏት ሄደ። ለእኛ ግን ከሁሉም ዳይሬክተሮች ትልቁን ውለታ የዋለው እሱ ነው። አብዛኛውን የቀረጸው ቪክተር ፍሌሚንግ ሲሆን፣ እሱ ለሌላ ፊልም ሲጠራ የካንሳሱን ክፍል ኪንግ ቪዶር ጨረሰው።

የትውልድ ስሟ ፍራንሲስ ኤተል ገም ነው። የተወለደችው ጁን 10 ቀን 1922 (ሰኔ 3 ቀን 1914 ዓ.ም.) በሚኒሶታ ግዛት፣ ግራንድ ራፒድስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እናትና አባቷ የመድረክ ሰዎች ነበሩ፤ አባቷ የከተማዋን ሲኒማ ቤት ያስተዳድር ነበር። እሷም ገና በሁለት ዓመት ተኩሏ፣ በዲሴምበር 1924፣ እዚያው መድረክ ላይ ወጥታ የገና መዝሙር ዘፈነች፤ ደጋግማ እየዘፈነች አልወርድም ብላ ተሸክመው ነው ያወረዷት። ከዚያ ከሁለት ታላላቅ እህቶቿ ጋር በሦስትዮሽ ዞረች። «ገም» የሚለው ስም በማስታወቂያ ላይ በስሕተት እየታተመ፣ በተመልካችም እየተሳቀበት ስላስቸገረ በ1934 ቺካጎ ላይ መድረክ መሪው ጆርጅ ጄሰል «ጋርላንድ» አላቸው። «ጁዲ»ን በኋላ ራሷ መረጠች።

በ1935 በ13 ዓመቷ ከኤምጂኤም ስቱዲዮ ጋር ተፈራረመች። ውሉ የሰባት ዓመት ነው ቢባልም የሚያስረው አንዱን ወገን ብቻ ነበር፦ ስቱዲዮው በየተወሰነ ጊዜው ሊያቋርጠው ይችላል፤ ልጅቷ ግን መውጣት አትችልም። ደመወዟ በሳምንት 100 ዶላር ተጀምሮ በ«ዊዛርድ» ጊዜ 500 ደረሰ። (የዶሮቲን ውሻ ቶቶን የሠራችው ውሻ፣ ቴሪ፣ በሳምንት 125 ዶላር ይከፈልላት ነበር፤ ልጅቷ ስትቀጠር ካገኘችው ይበልጣል ማለት ነው።) ውሉን በፈረመች በሁለተኛው ወር ገደማ፣ አባቷ በማጅራት ገትር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ በሬዲዮ ዘፈነችለት። በማግሥቱ ሞተ።

ጥያቄ፦ የሙዚቃ ክሊፕ እቀርጻለሁ። የጁዲ አፍና ድምፅ ልክክ ብሎ የሚሄድበት መንገድ ያስገርመኛል፤ የእኛዎቹ ዘፋኞች ፕሌይባክ ሲሠሩ ግን ወዲያው ይነቃባቸዋል። በዚያ ዘመን ካሜራው ፊት ነበር የሚቀዳው? — ከሐዋሳ

መልስ፦ የእሷም ፕሌይባክ ነው፤ ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው።

ዘፈኑ ከቀረጻው ቀናት ወይም ሳምንታት ቀድሞ፣ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር፣ ለብቻው ይቀዳል። የቴፕ ዘመን ስላልነበረ ድምፁ የሚያዘው በፊልም ላይ በብርሃን ነው፤ ኤምጂኤም ደግሞ በተለያየ ቦታ ከተተከሉ ማይክራፎኖች ለየብቻ ይቀዳ ነበር። እነዚያ ቅጂዎች ተቀምጠው ስለተገኙ ነው ከአምሳ ዓመት በኋላ አንዳንዶቹ ዘፈኖች በስቴሪዮ የወጡት። ከዚያ ከቅጂው ሸክላ ይቆረጥና ቀረጻው ቦታ ላይ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። የሸክላው ሞተርና የካሜራው ሞተር እኩል እንዲዞሩ ይያያዛሉ። አንዱ ቢዘገይ ዘፈኑ መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ መጨረሻ ላይ ያፈነግጣል።

ሰዎችህ የሚነቃባቸው ግን ከዚህ በኋላ ባለው ነገር ይመስለናል። ጁዲ አፏን ብቻ አታንቀሳቅስም፤ ሸክላው እየጮኸ አብራው ትዘፍን ነበር። አፍ ብቻ ሲንቀሳቀስ የአንገት ጅማት አይወጠርም፣ ሆድ አይገባም አይወጣም፣ ከረጅሙ ድምፅ በፊት የሚሳበው ትንፋሽም አይታይም። ተመልካች «ውሸት ነው» የሚለው ከንፈሩን አይቶ ሳይሆን ትንፋሹን አጥቶ ነው። ስለዚህ ዘፋኙ ሲቀዳ የት የት እንደተነፈሰ ግጥሙ ላይ ምልክት አድርግ፤ ሲቀረጽም እዚያው ይተንፍስ፣ ጮክ ብሎም ይዝፈን።

ሁለተኛው ችግር ከንፈር የሚገጥምባቸው ፊደሎች ናቸው፦ ም፣ ብ፣ ፕ፣ ጵ። «አ» ወይም «ኦ» ላይ ትንሽ ቢዘገይ ማንም አያይም። «ም» እየተሰማ አፉ ከተከፈተ ግን ሕፃንም ያያል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ አንዱ ምስል ከሰከንድ አንድ ሃያ አራተኛ፣ ማለት 42 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ማጉያውን ከዘፋኙ 14 ሜትር ካራቅኸው ብቻ አንድ ሙሉ ምስል ይዘገይብሃል። ማጉያውን እግሩ ሥር አድርግ።

«ኦቨር ዘ ሬይንቦ» የተቀዳው ኦክቶበር 7 ቀን 1938 ነው፤ ትዕይንቱ የተቀረጸው ግን ከወራት በኋላ በ1939 መጀመሪያ፣ በቪዶር እጅ ነው። እስቲ ከድርቆሹ ክምር አጠገብ ስትዘፍን ድምፁን አጥፍተህ እያት። የት እንደምትተነፍስ ይታይሃል።

ጥያቄ፦ ዶሮቲ በሩን ስትከፍት ከቡናማ ወደ ቀለም የሚቀየረው እንዴት ነው? ያኔ ኮምፒዩተር የለም። — ከአዳማ

መልስ፦ ከቀለም ወደ ቀለም ነው የሚሄደው፤ የታለለው ዓይናችን ነው። የካንሳሱ ክፍል በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ በኋላ ቡናማ የተነከረ ነው። የበሩ ትዕይንት ግን ከመጀመሪያው በቀለም ካሜራ የተቀረጸ ነው። የቤቱን ውስጥ ግድግዳና በሩን ቡናማ ቀቡት፤ ቡናማ ቀሚስ የለበሰች የጁዲ ምትክ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ በሩን ከፈተች፤ ካሜራው ወደ ውጭ ሲያልፍ እሷ ወደ ጎን ገለል አለች፤ እውነተኛዋ ጁዲ በሰማያዊ ቀሚሷ ገብታ ወጣች። አለቀ።

የዚያ ዘመን ቴክኒከለር ካሜራ በሌንሱ ጀርባ ብርሃኑን የሚከፋፍል ፕሪዝም ነበረው፤ ሦስት ጥቁርና ነጭ ኔጌቲቮች በአንድ ጊዜ ይሮጣሉ፣ እያንዳንዱም የአንዱን መሠረታዊ ቀለም ድርሻ ይይዛል። ብርሃን ለሦስት ሲከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ስለዚህ አዳራሹ በመብራት ይጥለቀለቃል፤ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ያልፍ ነበር። በዚያ ሙቀት የዶሮቲን የመንገድ ጓደኛ፣ አንበሳውን፣ የሠራው ሰው እውነተኛ የአንበሳ ቆዳ ለብሶ ይውል እንደነበር አስቡ። ለሌላው ጓደኛዋ፣ ለቆርቆሮው ሰው፣ መጀመሪያ የተመደበው ቡዲ ኢብሰን ፊቱ ላይ የሚነሰነሰውን የአሉሚኒየም ዱቄት ተንፍሶ ሳንባው ታመመና ሆስፒታል ገባ። ለተተካው ለጃክ ሄሊ ዱቄቱን ትተው በቅባት መልክ አደረጉለት።

አንድ ማሳሰቢያ። ፊልሙ ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ ነው (1.37 ለ 1)። ዛሬ ቴሌቪዥኖች በራሳቸው ይለጥጡትና ሁሉም ሰው ወፍራም ይሆናል። በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ካልታየዎት የምስል ማስተካከያው ውስጥ ገብተው መለጠጫውን ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ዶሮቲ በፊልሙ የምታደርገው ቀዩ ጫማ በ32 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ሲባል ሰማሁ። ሩቢው ስንት ካራት ቢሆን ነው? — ከዱባይ

መልስ፦ አንድም ሩቢ የለበትም። ተራ የሴት ጫማ ነው፤ ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቁ ቀጫጭን ክብ ጌጦች የተሰፉበት፣ በአንዱ እግር 2,300 ገደማ። ዋናው መጽሐፍ ላይ ጫማው የብር ነው፤ ቀይ ያደረጉት በቀለም ፊልም ጎልቶ እንዲታይ ብለው ነው። ሶሉ ላይ ደግሞ ስትደንስ እንዳይንኳኳ ለስላሳ ጨርቅ ለጠፉበት።

ከፊልሙ የተረፉ አራት ጥንዶች ይታወቃሉ። የተሸጠው በ2005 ከትውልድ ከተማዋ ሙዚየም ተሰርቆ፣ ኤፍቢአይ በ2018 ያገኘው ነው፤ በዲሴምበር 2024 ከነኮሚሽኑ 32.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሰራቂው ፍርድ ቤት ሲቀርብ የተነገረው ምክንያት የእርስዎን ጥያቄ ይመስላል፦ እውነተኛ ሩቢ መስሎት ነበር። የተያዘው ጫማ ሲመረመር ሌላም ነገር ወጣ፤ በዋሽንግተኑ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ያለው ጥንድ ግራና ቀኙ አይመሳሰልም ነበር፣ ለካ የአንዱ እግር ጓደኛ ከተሰረቀው ጋር ተቀያይሮ ኖሯል።

ጥያቄ፦ ክራር እጫወታለሁ፤ «ኦቨር ዘ ሬይንቦ»ን ለትምህርት ቤት ዝግጅት ልሠራው ፈልጌ በትዝታ ሜጀር ቃኝቼ ሞከርኩ። እስከ ሁለተኛው ድምፅ ጥሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ይበላሽብኛል። ጣቴ ነው ችግሩ? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጣትህ ደህና ነው፤ ቅኝቱ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ይህ ዜማ ግን ፋ እና ሲን ይፈልጋል፣ እነሱ ደግሞ በቅኝትህ የሉም። የመጀመሪያውን ሐረግ እየው፦ ዶ፣ ላይኛው ዶ፣ ሲ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ላይኛው ዶ። ከታችኛው ዶ ወደ ላይኛው ስትዘል ሁለቱም ክርህ ላይ ስላሉ ያምርልሃል። ሦስተኛው ድምፅ ሲ ነው፤ እዚያ ላይ ነው የወደቅኸው።

በአንድ ባለ ስድስት ክር ክራር ሙሉውን መጫወት አይቻልም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሐረጎች (ሁለተኛው ዶ፣ ላ፣ ሶል ብቻ ነው) ታችኛው ዶ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ላይኛው ዶ ከተቃኘልህ ያልቃሉ፤ አምስት ክር በቂ ነው፣ ስድስተኛውን ሚ አድርገው። ሦስተኛውና አራተኛው ሐረግ ግን ሌላ ዓለም ነው፦ ታችኛው ላ፣ ፋ፣ ሚ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፤ ከዚያ ሬ፣ ታችኛው ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ዶ። እዚህ ውስጥ ያሉትን የተለያዩ ድምፆች ቁጠራቸው፦ ታችኛው ላ፣ ታችኛው ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ። ልክ ስድስት። ስለዚህ ሁለት ክራር ያዙ፤ አንተ የመጀመሪያውን ስታነሣ ጓደኛህ ሁለተኛውን ይቀበልህ። ዜማውም ቢሆን ጥያቄና መልስ ስለሚመስል መቀባበሉ ያምርበታል። ጓደኛ ካጣህ ዜማውን ለማሲንቆ ስጠው፤ ማሲንቆ ጣት በተቀመጠበት ሁሉ ድምፅ አለው፣ ቅኝት አያስረውም።

ዘፋኙ ማን እንደሆነ አልጻፍክልንም፤ ማንም ይሁን ኪዩን (ዘፈኑ የሚነሣበትን የድምፅ ከፍታ) በከፍተኛው ድምፅ አትምረጥ። ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያ ትልቅ ዝላይ ያስፈራና ኪዩን ዝቅ ያደርጉታል፤ ከዚያ ሦስተኛው ሐረግ ሲመጣ ታችኛው ላ ጉሮሮ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። መጀመሪያ ታችኛውን ላ በግልጽ ቃል ማውጣት የሚችልበትን ቦታ ፈልግ፤ ላይኛው ዶ ከዚያ በላይ ከአንድ ኦክቴቭ ብዙም የማይርቅ ስለሆነ ራሱን ያገኛል። ጁዲ በፊልሙ የዘፈነችው በኤ ፍላት ነው፤ ወፍራም የሴት ድምፅ ስለነበራት ወንድ ልጅም ለጆሮው አይርቀውም።

ዝላዩ ላይ ላይኛውን ድምፅ መግፋት አያስፈልግም። እሷ ትንፋሿን የምታዘጋጀው ታችኛው ላይ ነው፤ ላይኛው ላይ ስትደርስ ድምፁ እንዲያውም ይለሰልሳል። መሐል ያለው ክፍል ሚ እና ሶል መካከል እንደ ዥዋዥዌ የሚመላለስ ነው፤ አትቸኩልበት፣ ግን አታጎትተውም። በኋለኞቹ ዓመታቷ የዘፈነቻቸውን ቅጂዎች ለመማሪያ አትጠቀም፤ እነዚያ ላይ ዜማውን ትሰብረዋለች፣ ቃሉን ታንጠለጥለዋለች። መስበር የሚያምረው መጀመሪያ ቀጥ አድርጎ ለቻለ ነው።

ዜማው የሃሮልድ አርለን፣ ግጥሙ የዪፕ ሃርበርግ ነው። ከሙከራ ዕይታ በኋላ የስቱዲዮው ሰዎች «ፊልሙን ያዘገያል፣ ልጅቷስ ለምን ከብት ጓሮ ውስጥ ትዘፍናለች» ብለው ሊቆርጡት ነበር፤ ፕሮዲውሰሩ መርቪን ለሮይና ረዳቱ አርተር ፍሪድ ተከራክረው አስቀሩት። ኦስካር አገኘ።

ጥያቄ፦ ኦስካር ከተነሣ፣ እሷ ራሷ ወስዳለች? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ተወዳድራ አላገኘችም። በ1940 የልጆች ሽልማት፣ ትንሿን ሐውልት ሰጧት። በ1954ቱ «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» ስትታጭ ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት በነበረው ቀን ወንድ ልጅ ወልዳ ስለነበር የቴሌቪዥን ሰዎች ካሜራቸውን ሆስፒታል ክፍሏ ድረስ አመጡ። ግሬስ ኬሊ ወሰደችው፤ ካሜራዎቹም ተነቅለው ተወሰዱ። በ1961 በ«ጀጅመንት አት ኑረምበርግ» በረዳት ተዋናይት ዘርፍ እንደገና ታጨች፤ ያም አልሆነም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። «ስቱዲዮው በክኒን ገደላት» የሚለውን ወሬ በየቪዲዮው እሰማለሁ። የትኛው ክኒን? እንዴት? — ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ ሁለት ዓይነት ነበሩ። ቀን እንዳትተኛና እንዳትበላ አምፌታሚን፣ ቤንዜድሪን በሚል ስም የሚሸጠው፤ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ እንዲይዛት ባርቢቹሬት፣ በተለይ ሴኮናል። ሁለቱም ያኔ ሕጋዊ ነበሩ። አምፌታሚን ለመክሳት ይታዘዝ ነበር። ስቱዲዮው ክብደቷን ይጠብቅ ስለነበር ምሳዋ የዶሮ ሾርባና ጥቁር ቡና የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠዋት የተወሰደው ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፤ ሌሊት የተወሰደው ጠዋት ያደነዝዛል፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል።

ባርቢቹሬት የሚገድለው በምን እንደሆነ ከእኛ በላይ እርስዎ ያውቃሉ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ግን እንንገር። ሰውነት ሲለምደው እንቅልፍ ለማምጣት የሚያስፈልገው መጠን ይጨምራል። ትንፋሽን የሚያቆመው መጠን ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ስለዚህ ከዓመት ዓመት «በሚያስተኛው» እና «በሚገድለው» መካከል ያለው ርቀት እየጠበበ ይሄዳል። የለመደ ሰው ሌሊት ነቅቶ፣ መውሰዱን ረስቶ፣ ሁለት ሦስት ቢደግም ድንበሩን ያልፋል። መጠጥ ከታከለበት ደግሞ ርቀቱ ከዚያም ይጠብባል።

ጁን 22 ቀን 1969 (ሰኔ 15 ቀን 1961 ዓ.ም.) ለንደን፣ ቼልሲ ሰፈር በተከራየችው ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሞታ ተገኘች። 47 ዓመት ከሞላት 12 ቀኗ ነበር። መርማሪው ጋቪን ተርስተን የባርቢቹሬት መጠን በጥንቃቄ ጉድለት ማለፉን አረጋግጦ፣ ራሷን ለማጥፋት አስባ ያደረገችው መሆኑን የሚያሳይ ነገር እንደሌለ ተናገረ።

«ስቱዲዮው ገደላት» ማለት በጅምላ መፍረድ ነው፤ ከኤምጂኤም ወጥታ 19 ዓመት ኖራለች፣ በእነዚያም ዓመታት ያዘዙላት ሐኪሞች ሌሎች ናቸው። ነገር ግን ልማዱ የተጀመረው ገና ልጅ ሳለች፣ ሰውነቷን እንደ ዕቃ በሚቆጥሩ ሰዎች መካከል መሆኑን መካድም አይቻልም።

ጥያቄ፦ እንደዚያ ገንዘብ እያመጣችላቸው ለምን አባረሯት? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ስለምትቀር። አንዲት ዋና ተዋናይት ስትቀር ኦርኬስትራው፣ ዳንሰኛው፣ መብራት ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው ሁሉ ተቀምጦ ይከፈለዋል። በ1949 «አኒ ጌት ዩር ገን»ን ጀምራ ዘፈኖቹን በሙሉ ቀድታ፣ ጥቂት ትዕይንቶች ከተቀረጹ በኋላ አገዷትና ለቤቲ ሃተን ሰጡት። በ1950 ከሌላ ፊልም እንደገና ታገደች፤ በሴፕቴምበር በስምምነት ተለያዩ።

ከዚያ በፊት የጨረሰችው የመጨረሻ የኤምጂኤም ፊልም «ሰመር ስቶክ» ነው። በእሱ ላይ ተመልካችን የሚያምታታ ነገር አለ። በፊልሙ ውስጥ ሞላ ብላ ትታያለች፤ መጨረሻ ላይ «ጌት ሃፒ»ን ስትዘፍን፣ ጥቁር ኮት ለብሳ ባርኔጣዋን አጋድላ፣ በድንገት ቀጭን ሆናለች። ብዙ ሰው ከሌላ ፊልም የተወሰደ ቁራጭ ይመስለዋል። አይደለም፤ ዋናው ቀረጻ ካለቀ በኋላ «ፊልሙ ጠንካራ መጨረሻ የለውም» ተብሎ ተጠራች፤ በመካከሉ ብዙ ኪሎ ቀንሳ ነበር።

ያባረሯት እንዳለቀላት አስበው ነው። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ፓላዲየም ላይ ቆመች፤ በኦክቶበር ኒውዮርክ ፓላስ ቲያትር ገብታ 19 ሳምንት ቆየች።

ጥያቄ፦ «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን»ን ገዛሁ። መሐል ላይ ምስሉ ቆሞ ፎቶ ብቻ ይሆናል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል። ዲስኩ ተበላሽቶ ነው? — ከቴል አቪቭ

መልስ፦ አይመልሱት፤ ደህና ነው፣ እንዲያውም የተሻለው ቅጂ ነው። ፊልሙ በ1954 ሲመረቅ 181 ደቂቃ ነበር። የሠራው ስቱዲዮ፣ ዋርነር ብራዘርስ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ለማሳየት ብሎ ወደ 154 ደቂቃ ቆረጠው፣ ሁለት ዘፈኖችም አብረው ሄዱ። በ1983 ሮናልድ ሄቨር የጠፋውን ሲፈልግ የድምፁን ትራክ ሙሉውን፣ ከምስሉ ግን የተወሰነውን ብቻ አገኘ፤ ምስል የጠፋበትን ቦታ በቀረጻ ጊዜ በተነሡ ፎቶዎች ሞላው። ያ 176 ደቂቃ ነው። ዲስክዎ 154 የሚል ቢሆን ኖሮ ነበር መከፋት።

«ዘ ማን ዛት ጎት አዌይ» የሚለውን ዘፈን በጥንቃቄ ይመልከቱ። ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ባዶ ክለብ ውስጥ፣ ካሜራው ሳይቆረጥ ይከተላታል። የፊልሙ ዳይሬክተር ኩከር (ያ ዊጉን ያስወለቃት) በተለያየ ልብስና ቅንብር ደጋግሞ ነው የቀረጸው። አንድ ጊዜ ብቻ ስትሠራው ያየ ሰው በድንገት የመጣላት ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ በ2019 በወጣው የሕይወት ታሪኳ ፊልም ላይ የሚሰማው ድምፅ የእሷ ነው? — ከስቶክሆልም

መልስ፦ የተዋናይቷ የረኔ ዘልዌገር ነው፤ ራሷ ዘፍናዋለች፣ ኦስካርም አግኝታበታለች። ፊልሙ የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን የለንደን ወራት በመሆኑ የተዳከመ ድምፅ ነው የሚፈልገው። ጁዲን በእሱ አይለኩ።

ጥያቄ፦ ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም። ከየት ልጀምር? — ከጎንደር

መልስ፦ «ዊዛርድ»ን ለኋላ ያቆዩት፤ ሁሉም ሰው እዚያ ጀምሮ እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ የ1944ቱን «ሚት ሚ ኢን ሴይንት ሉዊስ» ይዩ። ከዚያ በፊት ፊቷን «ለማስተካከል» ጥርሷ ላይ ሽፋን፣ አፍንጫዋ ውስጥ ላስቲክ ያደርጉላት ነበር፤ እዚህ ፊልም ላይ የሜካፕ ባለሙያዋ ዶሮቲ ፖኔደል ሁለቱንም ወረወረቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፊት ይዛ ትታያለች፣ እሷም ይህን የምታውቅ ይመስላል። ታናሽ እህቷን የምታባብልበት የገና መዝሙር እዚህ ነው ያለው። ሲጻፍ ግጥሙ በጣም ጨለምተኛ ስለነበር «ለዚያች ሕፃን ይህን ብዘፍንላት ጨካኝ እመስላለሁ» ብላ አስቀየረችው።

ቀጥሎ ፊልሙን ትተው ኤፕሪል 23 ቀን 1961 ኒውዮርክ ካርኔጊ ሆል የተቀዳውን ኮንሰርት ይስሙ። ከዚያ በፊት፣ በ1959 መጨረሻ፣ ጉበቷ ታሞ ሐኪሞች ከአምስት ዓመት በላይ አትኖሪም ብለዋት ነበር። አልበሙ 13 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ የግራሚን የዓመቱ አልበም ሽልማት ለሴት ዘፋኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አስገኘ። ሁለት ሸክላ ነው፤ ዘፈን እየዘለሉ አይስሙት። በመሐል የምታወራቸውን ቀልዶችም አይለፏቸው፤ ትንፋሿን የምትሰበስበው እዚያ ነው። «ኦቨር ዘ ሬይንቦ» ወደ መጨረሻው ይመጣል፣ በዚያን ሰዓት ድምፁ ደክሟል፤ ከእሱ በኋላ ግን ሕዝቡ አልሄድም ሲላት ደጋግማ ተመልሳ «ቺካጎ»ን ስትዘፍን፣ የደከመው ድምፅ የት ሄደ ያሰኛል።